ሊቀነስ የማይችል ውስብስብነት፦ የባክቴሪያው ጅራት የዳርዊንን ሐሳብ በእርግጥ ያፈርሳል?

ታዛቢ (ውይይቱን የከፈተ)

ለውይይቱ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በዚህ ርዕስ ላይ የሚነሣ ክርክር ብዙ ጊዜ ወደ መዘላለፍ ስለሚያመራ ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት አመንትቻለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ ከልቤ የገባ ስለሆነ በሥነ ሕይወት ዕውቀት ያላችሁ ሰዎች በትዕግሥት እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

የባዮኬሚስትሪ ምሁሩ ማይክል ቢሂ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበውን መከራከሪያ ካነበብኩ ወዲህ ጉዳዩ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ሊቀነስ የማይችል ውስብስብነት» የሚለው ሐሳብ ይዘቱ እንዲህ ነው። የአይጥ ወጥመድ መደቡ፣ ሞላው፣ መቺው ሽቦና ማቆሚያዎቹ አንድ ላይ ካልተገኙ አይጥ ሊይዝ አይችልም፤ አንዱ ክፍል ሲጎድል የሚቀረን በግማሽ አቅሙ የሚሠራ ወጥመድ ሳይሆን ፈጽሞ የማይሠራ ዕቃ ነው። ባክቴሪያ የሚዋኝበት ፍላጀለም የተባለው ጅራትም፣ እንደ ቢሂ አባባል፣ ልክ እንደዚሁ ነው። በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ የተተከለ የሚሽከረከር ሞተር፣ ሞተሩን ከጅራቱ ጋር የሚያገናኝ መንጠቆ፣ እንደ መቅዘፊያ የሚያገለግል ረጅም ክርም አለው፤ ሞተሩ የሚዞረውም ወደ ውስጥ በሚገቡ ፕሮቶኖች ኃይል ነው። በኢ ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ይህን ሁሉ ለመገንባት 40 ያህል ጂኖች ይሳተፋሉ።

ተፈጥሯዊ ምርጫ ዛሬ የሚጠቅመውን ብቻ እንጂ ነገ የሚጠቅመውን አስቦ ሊያቆይ አይችልም። ታዲያ ገና ያልተጠናቀቀው ሞተር እስኪጠናቀቅ ድረስ ማን አቆየው? ዳርዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1859፣ በብዙ ተከታታይና ጥቃቅን ለውጦች ሊፈጠር የማይችል አንድ ውስብስብ አካል እንኳ ቢገኝ ንድፈ ሐሳቡ እንደሚፈርስ በግልጽ ጽፏል። ፍላጀለም ያ አካል አይደለምን?

ባለማይክሮስኮፕ

ጥያቄዎ በጥንቃቄ የቀረበ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስልዎ። ሙያዬ የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ነው፤ የባክቴሪያ ፕሮቲኖች የዕለት ሥራዬ ናቸው።

የቢሂ መከራከሪያ በውስጡ አንድ ያልተነገረ ግምት ይዟል። ይኸውም አንድ ክፍል ዛሬ የሚሠራውን ሥራ ከመጀመሪያውም ይሠራ ነበር፣ ሙሉ ዕቃውም ከመጀመሪያው ለዚሁ ዓላማ ይገነባ ነበር የሚለው ግምት ነው። በሕያዋን ዓለም ግን የክፍሎች ሥራ ይለወጣል። የቸነፈር በሽታ አምጪ የሆነው ዬርሲኒያ ፔስቲስ መርዘኛ ፕሮቲኖቹን ወደ ሌሎች ሕዋሳት የሚወጋበት መርፌ መሰል መሣሪያ አለው። የዚህ መሣሪያ ዋና ዋና ፕሮቲኖች ከፍላጀለሙ መሠረት ፕሮቲኖች ጋር የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ መሣሪያው ግን አይሽከረከርም፣ ጅራትም የለውም፣ ሆኖም ፍጹም ይሠራል። በተጨማሪም ፍላጀለሙ ሲገነባ ፕሮቲን ወደ ውጭ በመላክ ሥራ የሚሳተፍ አንድ ኢንዛይም፣ በሁላችንም ሕዋሳት ውስጥ ኃይል ከሚያመርተው ኤ ቲ ፒ ሲንቴዝ ከተባለው ኢንዛይም ክፍል ጋር በግልጽ ይዛመዳል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ያ መርፌ የፍላጀለም ቅድመ አያት ነው አልልም፤ የጂኖቹ የዘር ሐረግ ሲመረመር ብዙ ተመራማሪዎች መርፌው ራሱ ከፍላጀለም ሥርዓት ኋላ የተገኘ ነው ወደሚለው ያዘነብላሉ። ከመርፌው የምንማረው ከዚህ ጠበብ ያለ ቢሆንም በቂ ነው፦ ከፍላጀለሙ ብዙ ክፍሎች ቢነሡ የሚቀረው የግድ ከንቱ ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ከዚህ ይልቅ የሚመስጠኝ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የዘረመል ተመራማሪው ሄርማን ሙለር እ.ኤ.አ. በ1918፣ ቢሂ ከመወለዱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ዝግመተ ለውጥ አንዱ ክፍል ከሌላው የተቆላለፈ ሥርዓት እንደሚያስገኝ አስቀድሞ ጽፎ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ አዲስ ክፍል መጀመሪያ ሲጨመር «ቢኖር ጥሩ» የሚባል ዓይነት ነው፤ ያለ እርሱም ሥራው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጡ ሌሎች ለውጦች ግን የክፍሉን መኖር ተመክተው ይገነባሉ፤ ጊዜው ሲረዝምም ያ ክፍል ቢወጣ ሥርዓቱ በሙሉ ይወድቃል። የድንጋይ ቅስት የሚሠራ ግንበኛ በእንጨት መደገፊያ ላይ ድንጋዮቹን ከደረደረ በኋላ መደገፊያውን ያነሣል፤ ኋላ የሚያየው ሰው ግን አንዲት ድንጋይ ቢያወጣ ቅስቱ እንደሚፈርስ አይቶ «ይህ በአንድ ጊዜ የተሠራ መሆን አለበት» ሊል ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ሊቀነስ አለመቻሉ ትናንት ደረጃ በደረጃ አለመገንባቱን አያስረዳም።

ምክንያት ፈላጊ

ባለማይክሮስኮፕ በጨዋነት ስለ መለሱ አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን ሕያዋን በአስተዋይ ነዳፊ ተሠርተዋል የሚለውን የንድፍ ሐሳብ ከሚደግፉት ወገን ነኝ፣ መልሱም አላረካኝም። ክፍሎቹ ሌላ ሥራ ነበራቸው ማለት መንገዱን ማሳየት አይደለም። ጡብ፣ እንጨትና ብረት እያንዳንዳቸው ለሌላ ሥራ ይውላሉ፤ ይህ ግን ቤት ራሱን እንደ ሠራ አያስረዳም። ከ40ዎቹ ጂኖች መካከል የትኛው መቼ እንደ ገባ፣ እያንዳንዱም እርምጃ ምን ጥቅም እንደ ሰጠ በዝርዝር የሚያሳይ ሙሉ ታሪክ እስካሁን አላየሁም።

ደግሞም ዝግመተ ለውጥ በዓይናችን ሥር ምን እንደሚሠራ አይተናል። ሪቻርድ ሌንስኪ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ 12 የኢ ኮላይ ነገዶችን ለብዙ አሥር ሺህ ትውልዶች አሳድጓል። ብዙ የተነገረለት ውጤት፣ ከ31,000 ትውልድ በኋላ ከነገዶቹ አንዱ ኦክስጅን ባለበት፣ በሎሚ ውስጥ የሚገኘውን ሲትሬትን መመገብ መቻሉ ነው። ነገር ግን ምን ተገኘ? ባክቴሪያው ሲትሬትን የሚያስገባ ጂን ከድሮውም ነበረው፤ ጂኑ ተባዝቶ ኦክስጅን ባለበትም በሚሠራ ሌላ መቆጣጠሪያ ሥር ገባ እንጂ አዲስ ማሽን አልተሠራም። የዲ ኤን ኤ መልእክትም እንዲሁ ነው። ጽሑፍ ወይም ፕሮግራም ስናገኝ ምንጩ አእምሮ እንደ ሆነ አንጠራጠርም፤ በሕዋስ ውስጥ ላለው ጽሑፍ ይህን ፍርድ የምንነፍገው ለምንድን ነው?

አንባቢ

እኔ ሳይንስ ብዙ አላውቅም፤ ነገር ግን ዝግመተ ለውጥ እኮ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው። ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ደግሞ ዛሬ ዝንጀሮ ለምን አለ?

ብራና

የአንባቢ ጥያቄ የብዙዎች ጥያቄ ስለሆነ በአክብሮት ልመልስላቸው፤ ከችግሩም ከፊሉ ከቋንቋችን የመጣ ይመስለኛል። «ንድፈ ሐሳብ» የሚለው ቃላችን ለብዙ አድማጭ ገና ያልተረጋገጠ ውጥን ይመስላል፤ በሳይንስ ግን ቃሉ ብዙ ማስረጃዎችን በአንድነት የሚያስረዳና በተደጋጋሚ የተፈተነ ማብራሪያን ያመለክታል፤ በሽታ በጀርሞች ይመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው። «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ስያሜም ፍጥነቱን ብቻ እንጂ አሠራሩን አይነግረንም። ስለዚህ ሰሚው «ነገሮች በዝግታ ይለወጣሉ» የሚል ግልጽ ያልሆነ ሐሳብ ይዞ ይቀራል እንጂ የዳርዊንን ዋና ሐሳብ፣ ማለትም የሚወረስ ልዩነት እንዳለ፣ ከሚወለዱት ሁሉ የሚተርፉትና ዘር የሚተኩት ጥቂቶች እንደሆኑ፣ በዚህም የተነሣ ልዩነቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚጣራ አያገኝም። ሰው ዛሬ ካሉት ዝንጀሮዎች አልመጣም፤ ሁለቱም ከጥንት የጋራ ቅድመ አያት የወረዱ ናቸው። የአጎት ልጅዎ በሕይወት መኖሩ የእርስዎን መወለድ እንደማያፈርስ ሁሉ የዝንጀሮም መኖር ይህን አያፈርስም።

አሁን ወደ ምክንያት ፈላጊ ልመለስ። «ንድፍ አለ» የሚለው ሙግት አዲስ አይደለም። ዊሊያም ፔሊ እ.ኤ.አ. በ1802 በሜዳ ላይ የተገኘች ሰዓት ሠሪዋን እንደምትመሰክር ጽፏል፤ ዳርዊንም በወጣትነቱ የፔሊን መጽሐፍ በአድናቆት አንብቧል። ዳርዊን መልስ ሲሰጥ ያፈረሰው ያደነቀውን ሐሳብ ነው፤ ስለዚህም የሙግቱን ክብደት የሚያውቅ ሰው ነበር። የእኔ ቅሬታ ሐሳቡ ያረጀ በመሆኑ ላይ አይደለም። ሰዓትን የሰው እጅ ሥራ ነው የምንለው ሰው ምን እንደሚሠራ፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሠራ ስለምናውቅ ነው። የንድፍ ሐሳብ ደጋፊዎች ግን ነዳፊው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሠራ፣ በምን መንገድ እንደሠራ ከመናገር ይቆጠባሉ። ምንም ነገር ሊያደርግ የሚችል፣ ምን እንደሚፈልግም የማይታወቅ ነዳፊ ካለ፣ ለማንኛውም ግኝት «እንዲሁ ፈለገ» ማለት ይቻላል፤ ማንኛውንም ግኝት የሚቀበል ሐሳብ ደግሞ ልንፈትነው አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ በዶቨር ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ያረፈውም በከፊል በዚህ ላይ ነው። ዳኛ ጆን ጆንስ የሁለቱን ወገን ምሁራን ካደመጡ በኋላ ኢንተለጀንት ዲዛይን (አስተዋይ ንድፍ) ሳይንስ እንዳልሆነና በመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ሊሰጥ እንደማይገባ ወሰኑ። ፍርድ ቤት ሳይንስን አይወስንም፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን በችሎቱ የቀረበው አንዱ ማስረጃ ሊዘነጋ አይገባም። ለተማሪዎች የታሰበው መጽሐፍ ረቂቆች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 የፍጥረት ሳይንስን በትምህርት ቤት ማስተማርን የሚመለከት ውሳኔ ከሰጠ በኋላ «ፍጥረት» ይል የነበረው ቃል «አስተዋይ ንድፍ» በሚል እንደተተካ ታይቷል፤ ትርጓሜው ግን ከሞላ ጎደል እንደነበረ ቀርቷል።

የቀለም ልጅ

እኔ የማቀርበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽኑ ተጠራጣሪ የነበርኩትን እኔን የለወጠኝ እርሱ ስለሆነ ነው የማቀርበው። ይህም የተበላሸ ጂን ነው።

አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲን በጉበታቸው ያመርታሉ። ሰው ግን አያመርትም፤ ከምግብ ካላገኘው ስከርቪ በሚባለው በሽታ ይሠቃያል። ምክንያቱ የማምረቻው ሂደት የመጨረሻ ኢንዛይም ጂን መበላሸቱ ነው፤ የሚገርመው ግን ጂኑ አልጠፋም። ፍርስራሹ እስከ ዛሬ በእያንዳንዳችን ሕዋስ ውስጥ ተቀምጧል። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላ፣ ኦራንጉታንና ጦጣዎችም ይኸው ፍርስራሽ አላቸው። ከእኛ ራቅ ያሉ ዘመዶቻችን የሆኑት ሌመሮች ግን የሚሠራ ጂን አላቸው። ጊኒ ፒግም ቫይታሚን ሲ አያመርትም፤ የእርሱ ጂን የተበላሸው ግን በሌላ መንገድ ነው፣ የራሱ ታሪክ አለው።

ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ቢጽፉ መምህሩ አይጠረጥርም፤ ሁለቱም አጥንተው ሊሆን ይችላል። በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲጽፉ ግን አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከአንድ ምንጭ እንደገለበጡ ይገነዘባል። ስለዚህ በእኔ እይታ የፍጡራን ፍጹምነት ለየትኛውም ወገን ያን ያህል አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው የጋራ ስሕተታቸው ነው። የሰው ሁለተኛ ክሮሞዞምም ሌላ ምሳሌ ነው። ታላላቆቹ ዝንጀሮዎች 48 ክሮሞዞም ሲኖራቸው ሰው 46 አለው፤ በዚያ ክሮሞዞም መካከልም ሁለት የክሮሞዞም ጫፎች የተጋጠሙበት ምልክት እ.ኤ.አ. በ1991 ተገኝቷል።

ምክንያት ፈላጊ

ለየቀለም ልጅ ያለኝ መልስ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ከ«መጥፎ ሥራ» የሚነሣ ሙግት እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ። የሰው ሬቲና (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) የተገለበጠ ነው፣ ነርቮቹ ከብርሃን ተቀባዮቹ ፊት ያልፋሉ፣ በዚህም ምክንያት ዕውር ነጥብ አለን፣ ኦክቶፐስ ግን የለውም እየተባለ ይነገራል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በሬቲና ውስጥ ያሉ ሙለር የሚባሉ ሕዋሳት ብርሃንን እንደ ቱቦ እየመሩ ወደ ተቀባዮቹ እንደሚያደርሱ አሳይቷል። ዛሬ ጉድለት የመሰለን ነገ ጥበብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በተጨማሪም «ነዳፊ ቢኖር እንዲህ አያደርግም» ማለት ራሱ ሥነ መለኮታዊ ፍርድ ነው።

ሁለተኛና ዋናው ግን ይህ ነው፦ ቢሂ ራሱ የጋራ ዘርን ይቀበላል። ሰውና ቺምፓንዚ አንድ ቅድመ አያት እንዳላቸው አይክድም። እኔም ስለ ቫይታሚን ሲው ጂን ካነበብኩ በኋላ ተመሳሳይ አቋም ይዣለሁ። ክርክሬ ለውጦቹን ያመነጨው ያልተመራ ሚውቴሽን (በዲ ኤን ኤ ላይ የሚደርስ ለውጥ) ብቻ ነው በሚለው ላይ ነው።

የቀለም ልጅ

የሬቲናውን ነገር ትክክል ብለዋል፤ እኔም ያላነሣሁት ለዚሁ ነው። የቫይታሚን ሲው ጂን ክርክር «መጥፎ ነው» የሚል ሳይሆን «የጋራ ነው» የሚል ነው። የጋራ ዘርን መቀበልዎ ግን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ርዕስ ላይ ከሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው እዚያ ላይ ያበቃል።

ብራና

ምክንያት ፈላጊ አሁን የቆሙበት ቦታ በታሪክ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረው ኤሳ ግሬይ የዳርዊን ወዳጅና ደጋፊ፣ እንዲሁም አማኝ ክርስቲያን ነበር። ግሬይ ተፈጥሯዊ ምርጫን ተቀብሎ ሚውቴሽን ብለን ዛሬ የምንጠራቸው ልዩነቶች ግን ወደ ጠቃሚ አቅጣጫ የተመሩ ናቸው ብሎ ያስብ ነበር። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1868 የመለሰለት በአንድ ምሳሌ ነው፦ ግንበኛ ከገደል ሥር ከወደቁ የድንጋይ ስባሪዎች ቤት ቢሠራ የእያንዳንዱ ስባሪ ቅርጽ በተፈጥሮ ሕግ የተወሰነ ነው፤ ድንጋዩ የተሰበረው ግን ለግንበኛው ተብሎ አይደለም። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሳይስማሙ በወዳጅነት ኖረዋል። ግሬይ ያነሣው ጥያቄ ግን የእምነት ጥያቄ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚታየው ሚውቴሽን ለእምነቱ የሚደግፍም የሚቃወምም ቃል አይሰጥም። ቢሂ ከግሬይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እርሱ የነዳፊውን እጅ በተወሰኑ ማሽኖች ላይ በማስረጃ ማሳየት እችላለሁ ይላል።

ታዛቢ

ከእናንተ ብዙ ተምሬአለሁ። ጥያቄዬ አሁን ጠቧል። «ይህ ማሽን ያለ መሪ ሊፈጠር አይችልም» የሚለው አባባል የሚፈተንበት ተጨባጭ መንገድ አለ ወይ?

ባለማይክሮስኮፕ

አለ፤ በከፊልም ተፈትኗል። ቢሂ ከፍላጀለም ሌላ በምሳሌነት ያቀረበው የደም መርጋትን ነው፤ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ የሚሄድበት ሰንሰለት። ነገር ግን ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች ፋክተር 12 የተባለው ፕሮቲን የላቸውም፤ ደማቸውም ይረጋል። ከባለ አከርካሪዎች ጥንታዊ ከሆኑት መካከል የሚገኘው ላምፕሬይ የተባለው ዓሣም ከእኛ ያነሱ ፋክተሮች ያሉት ቀለል ያለ ሰንሰለት አለው። ሰንሰለቱ ሙሉ ካልሆነ አይሠራም የሚለው አባባል በዚህ ልክ ይጠባል።

አዲስ ሥራ ያለው ፕሮቲንም ሲወለድ ታይቷል። በደቡብ ዋልታ ባሕር የሚኖሩ ዓሦች ደማቸው በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከል ፕሮቲን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 እንደተገለጠው ይህ ፕሮቲን የተገኘው ምግብ ከሚያፈጭ የትሪፕሲኖጅን ጂን ቁራጮችና ፕሮቲን ከማይጽፍ የዲ ኤን ኤ ክፍል ነው፤ ድንበሮቹና ቅሪቶቹ ዛሬም በጂኑ ውስጥ ይነበባሉ። ምክንያት ፈላጊ «መልእክት ከአእምሮ ብቻ ይመጣል» ላሉት ይህ ቀጥተኛ መልስ ነው። ምርጫ በሚሠራበት ቦታ አዲስ መልእክት ከድሮ ፍርስራሽ ሊጻፍ ይችላል። ስለ ሌንስኪው ሙከራም አንድ ነገር ልጨምር፦ ከቀደሙ ትውልዶች በብርድ የተቀመጡ ናሙናዎች እንደገና ሲያድጉ ሲትሬት የመመገብ ችሎታ የተገኘው ከ20,000 ትውልድ ወዲህ ካሉት ብቻ ነበር። አስቀድመው የገቡ ለውጦች መንገዱን አዘጋጅተው ነበር ማለት ነው፤ የሄርማን ሙለር ሐሳብ በሕያው ምሳሌ የታየበት ይመስለኛል።

ስለ ፍላጀለሙ ራሱ ደግሞ፣ ቢሂ በዶቨር ችሎት አንድ ፈተና አስቀምጦ ነበር፦ ፍላጀለም የሌለው ባክቴሪያ መንቀሳቀስ በሚጠቅምበት ሁኔታ ለ10,000 ትውልድ ይደግና ፍላጀለም ያመጣ እንደሆነ ይታይ። ፈተናውን ግን ራሱ እንዳላደረገው መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ሙከራ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ተመራማሪዎች የሱዶሞናስ ባክቴሪያን የፍላጀለም ዋና መቆጣጠሪያ ጂን ሰርዘው ባክቴሪያውን መንቀሳቀስ የማይችል አደረጉት፤ ምግቡ በአካባቢው ሲያልቅ ግን በ96 ሰዓት ውስጥ መዋኘት የጀመሩ ተገኙ። የናይትሮጅን ጉዳይን የሚቆጣጠር ሌላ ፕሮቲን በሁለት ሚውቴሽኖች ወደ ፍላጀለም ሥራ ዞሮ ነበር። የሞተሩ ክፍሎች ጂኖች ግን አልተሰረዙም ነበር። ስለዚህ ይህ የሞተሩን አመጣጥ አያሳይም፤ የሚያሳየው የተበጠሰ ትእዛዝ ያለ መሐንዲስ እንደገና ሊቀጠል መቻሉን ነው። ከዚህ በላይ ነው ካልኩ እዋሻለሁ።

ምክንያት ፈላጊ

ገደቡን ራስዎ ስላስቀመጡ አከብርዎታለሁ። እኔም የራሴን ላስቀምጥ። የደም መርጋትን በምሳሌነት ማቅረቤን ከእንግዲህ አቆማለሁ፤ «ፈጽሞ አይቻልም» የሚለውን ቃልም ስለ ፍላጀለም አልናገርም። የቀረኝ ጥያቄ የሞተሩ ማዞሪያ (የሚሽከረከረው ክፍል) እና ማቆሚያ (ሳይሽከረከር በቦታው የሚቆመው ክፍል) ፕሮቲኖች መጀመሪያ ለምን ሥራ አብረው እንደ ዋሉ ነው። የማቆሚያው ፕሮቲኖች፣ ሞት ኤ እና ሞት ቢ የሚባሉት፣ ፕሮቶን ለሌላ ሥራ ከሚያስገቡ የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲኖች ጋር እንደሚዛመዱ አንብቤአለሁ። ማዞሪያው ግን? በዚህ ላይ የሚያውቁት ካለ በዚሁ ይቀጥሉልኝ።